የተሰነጠቀው ስልክ እና 9,083 ፋይሎች፦ የአራት ቀን የሥራ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

የእናቴ ስልክ ወድቆ መስታወቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቋል። ምስሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ንክኪ ግን ጨርሶ የለውም። ቢነኩት፣ ቢጫኑት፣ ቢጠርጉት አይሰማም። በጎኑ ያለው የጣት አሻራ ማንበቢያ ብቻ ጤነኛ ነው። እናቴ አውራ ጣቷን ስታሳርፍበት ስልኩ ይከፈታል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም በሩ ተከፍቶለት ግባ እንዳልተባለ እንግዳ ቆመን እናየዋለን።

«ስልኩስ ይቅር፤ ሌላ ይተካዋል» አለችኝ። «ፎቶዎቹን ግን አደራ።»

በውስጡ የአምስት ዓመት ፎቶ አለ። በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥ ቅጂ እንዳላት ስጠይቃት «እሱንማ ኢንተርኔቴን ሲጨርስብኝ ዘጋሁት» አለች። ስለዚህ ያለው አንድ ቅጂ ነው፤ እሱም በዚህ ስልክ ውስጥ። ይህን ማስታወሻ የጀመርኩትም ለዚህ ነው፦ መሳሳቴ አይቀርም፤ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ግን ተመልሼ ማየት እፈልጋለሁ።

ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

መጀመሪያ እጄ በገባው ገመድ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁት። ባትሪው መሙላት ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ዝም። እንደ ልማዴ ኮምፒውተሩን ጠረጠርኩ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ገመዱን በሌላ ቀዳዳ ሰካሁት፤ ያው ዝምታ ነው። ሃያ ደቂቃ ከባከነ በኋላ ከሁሉ በፊት ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ፤ ያንኑ ገመድ በራሴ ጤነኛ ስልክ ላይ ሞከርኩት። የእኔም ስልክ ቻርጅ ከማድረግ አላለፈም። ጥፋቱ የገመዱ ነበር።

የተለመደው ዩኤስቢ 2.0 ገመድ በውስጡ አራት ሽቦዎች አሉት፤ ሁለቱ ኃይል፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ለቻርጅ ብቻ የሚሠሩት ገመዶች የመረጃዎቹ ሽቦዎች የሏቸውም፤ በመልክ ግን ከሌሎቹ አይለዩም። በዚህኛው ላይ ቀይ ፕላስተር ጠመጠምኩበት፤ ዳግመኛ እንዳያታልለኝ።

በሌላ ገመድ ሞከርኩ። ኮምፒውተሩ ድምፅ አሰማ፤ የስልኩ ስም ብቅ አለ። ከፈትኩት። ባዶ ነው።

ይህኛው ብልሽት አይደለም። አንድሮይድ ስልክ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ባለቤቱ ካልፈቀደ በቀር ያለውን አያሳይም። ፈቃዱ የሚሰጠው ከላይ ማሳወቂያውን ስቦ «ፋይል ማስተላለፍ» የሚለውን በመምረጥ ነው። ጥበቃው ተገቢ ነው፤ ባትሪ ልሙላ ብሎ ያገኘው ቦታ ሁሉ የሚሰካ ስልክ ሆዱን ለማንም መዘርገፍ የለበትም። የእኛ ስልክ ግን ጣት ጠይቆ ጣት አይቀበልም።

አርብ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት

ሌሊቱን ያሰብኩት ብሉቱዝን ነበር፤ ጧት ወረቀት ላይ ሳሰላው ተውኩት። ፎቶዎቹ 38 ጊጋባይት ገደማ ናቸው። ብሉቱዝ በተግባር በሰከንድ 2 ሜጋቢት፣ ማለትም ሩብ ሜጋባይት፣ ቢያደርስ ሥራው 42 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም አንዴም ሳይቋረጥ። ደግሞስ ብሉቱዙን በየትኛው ጣት ላበራው ነው?

የሚያስፈልገኝ ጣትን የሚተካ ነገር ነው። የኮምፒውተሩ ማውስ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ማውስን ከስልክ ጋር የሚያገናኝ ኦቲጂ የሚባል አጭር ማያያዣ አለ። በዩኤስቢ ግንኙነት ምንጊዜም አንዱ ጋባዥ፣ ሌላው እንግዳ ነው። ስልክ ከኮምፒውተር ጋር ሲሆን እንግዳ ነው፤ ማያያዣው ሲሰካበት ግን «አሁን ጋባዡ አንተ ነህ» የሚል ምልክት ይደርሰውና ለማውሱ ኃይል ይሰጣል፤ ትእዛዙንም ይቀበላል። ምንም ሶፍትዌር መጫን አላስፈለገም። ማውሱን እንደሰካሁት በተሰነጠቀው መስታወት ላይ ትንሽ ቀስት ወጣች። ሳንቀሳቅሰው ተንቀሳቀሰች። ስጫነው ተከፈተ።

እናቴ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ ስታይ ቆይታ «ለጣቴ እምቢ ያለው ለአይጥ እሺ አለ?» አለች።

አርብ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ደስታው አሥር ደቂቃ ቆየ። ስልኩ ያለው አንድ ቀዳዳ ነው። ማውሱ ሲሰካ የኮምፒውተሩ ገመድ ቦታ የለውም፤ ገመዱ ሲሰካ ማውሱ የለም። ፋይል ለማስተላለፍ ፈቃድ የሚጠይቀው ማሳወቂያ የሚመጣው ደግሞ ገመዱ ሲሰካ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ማውስ ያን ጊዜ ተነቅሏል ማለት ነው።

ማውሱ እንደተሰካ ፎቶዎቹን በዋይፋይ መላክም ይቻል ነበር። ቀዳዳው በማውሱ ስለተያዘ ግን ስልኩ ቻርጅ ማድረግ አይችልም፤ ባትሪው 31 በመቶ ላይ ነው፤ ማውሱም ከዚሁ ላይ ይበላል። መንገድ ላይ ቢጠፋብኝ የት እንደደረስኩ ማወቂያ የለኝም። ተውኩት።

መፍትሔው ፈቃዱን አስቀድሞ መስጠት ነበር። በአንድሮይድ ማስተካከያዎች ውስጥ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የተዘጋጀ የተደበቀ ገጽ አለ፤ የገንቢ አማራጮች ይባላል። የሚከፈተው «ስለ ስልኩ» ከሚለው ገጽ የግንባታ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ በመጫን ነው። በአምስተኛው ላይ ቁጥር ጠፍቶብኝ እንደገና ጀመርኩ። በመጨረሻ ስልኩ የይለፍ ቁጥር ጠየቀ፤ እናቴ ነገረችኝ፤ ገንቢ መሆኔም ተበሠረልኝ። ከዚያ ውስጥ ሁለት ነገር ለወጥኩ። ስልኩ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ ሳይጠየቅ ወደ ፋይል ማስተላለፍ እንዲገባ አዘዝኩ። ቻርጅ ላይ እያለ ስክሪኑ እንዳይተኛ ደግሞ ሌላውን አማራጭ አበራሁ።

ማውሱን ነቀልኩ፤ ገመዱን ሰካሁ። አሁንም ባዶ! ልቤ ወረደ። ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ቀድሞ የተሰጠው ፈቃድ የሚሠራው ስልኩ ካልተቆለፈ ብቻ ነው።

«እማዬ፣ አውራ ጣትሽን አምጪ።»

አሳረፈች። ፎልደሮቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ።

አርብ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ካሜራው ያነሣው ሁሉ ያለው ዲሲአይኤም በሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። ስሙ የዲጂታል ካሜራ ምስሎች ለማለት ከእንግሊዝኛው የተቀነጨበ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን የወጣ የካሜራ ደረጃ ያጸደቀው ነው። ስልክ ካሜራን ሲውጥ የፎልደሩን ስም ሳይቀይር ወረሰ። የትኛውንም ስልክ ቢከፍቱ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው።

ውስጡ 6,842 ፋይል አለ። ሁሉንም መርጬ በአንድ ጊዜ ወደ ኮምፒውተሩ ጎተትኩ። የመጀመሪያው ስህተቴ ይኸው። ኮምፒውተሩ ለረጅም ጊዜ ሲቆጥር ቆየ፤ ከዚያ መገልበጥ ጀመረ፤ ሦስት ሺህ ገደማ ሲደርስ ቀጥ አለ። አንድ ጊዜ የስህተት መልእክት መጣ፤ ደክሞኝ ስለነበር «እለፈው» የሚለውን ተጫንኩ። እንደገና መጣ፤ እንደገና ተጫንኩ። (ይህን በነገው ቀን እናገኘዋለን።)

ስልክ እንደ ፍላሽ ዲስክ አይደለም። ድሮ ስልኮች ማስቀመጫቸውን እንዳለ ለኮምፒውተሩ ያስረክቡ ነበር፤ አንድን ማስቀመጫ ሁለት አዛዥ በአንድ ጊዜ ቢጽፍበት ስለሚበላሽ፣ ርክክቡ እስኪያበቃ ስልኩ ራሱ የገዛ ፎቶውን ማየት አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2011 አካባቢ ጀምሮ አንድሮይድ ያንን ትቶ ኤምቲፒ ወደሚባለው ዘዴ ሄደ። በኤምቲፒ ኮምፒውተሩ መጋዘኑ ውስጥ አይገባም። መስኮት ላይ ቆሞ ይጠይቃል፤ ስልኩ እንደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ዝርዝሩን አንብቦ አንድ በአንድ እያወጣ ይሰጠዋል። ሁለት ጥያቄ በአንድ ጊዜ አያስተናግድም። ስድስት ሺህ ዕቃ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ለሚመጣ ሰው ግምጃ ቤቱ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ በወር በወር ከፋፍዬ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ሳልጀምር፣ በየመሐሉም ያንኑ ፎልደር ከፍቼ ሳልነካካ ቀጠልኩ። በዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ ያለው ፍጥነት በሰከንድ 480 ሜጋቢት ወይም 60 ሜጋባይት ነው፤ እኔ ያየሁት ለትልልቅ ቪዲዮዎች ከ30 ሜጋባይት በታች፣ ለፎቶዎቹ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጸናሁ፦ «ቁረጥ» የሚለውን ትእዛዝ አልነካሁም። መገልበጥ ብቻ። በተቋረጠ ቁጥር ያልደረሰው የት እንደቀረ ለማወቅ ዋናው በቦታው መኖር አለበት።

ቅዳሜ፣ ከጧቱ 3 ሰዓት

ቆጠራ። በስልኩ ላይ 6,842፤ በኮምፒውተሩ ላይ 6,839።

ሦስት ፋይል ከስድስት ሺህ መካከል መፈለግ አሰልቺ ይመስላል፤ ግን የስሞቹን ዝርዝር በሁለት ዓምድ ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለቱ ማታ «እለፈው» ብዬ ያለፍኳቸው ሆነው ተገኙ፤ ደግሜ ስገለብጣቸው ያለ ችግር መጡ። ሦስተኛው ግን በስልኩ ላይም አይከፈትም። በማውጫው ላይ ትንሿ ምስሉ ትታያለች፤ ሲነካ ግን ጥቁር ነው። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ገለበጥኩትና ለብቻው አስቀመጥኩት።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ፎልደሩን በተፈጠረበት ቀን ስደረድረው የአምስት ዓመት ፎቶ በሙሉ የአርብ ማታ ሆኗል። አልደነገጥኩም፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ፋይሉ እዚህ የተወለደበትን ቀን ነው። ፎቶው የተነሣበት ቀን በፋይሉ ሆድ ውስጥ ኤግዚፍ በሚባለው ክፍል ተጽፎ ይኖራል፤ ከካሜራው ዓይነትና ቅንብር ጋር፣ ከተፈቀደም ከቦታው ጋር። በዊንዶውስ ላይ መደርደሪያውን «የተነሣበት ቀን» ወደሚለው መለወጥ በቂ ነው። ሁሉም ቦታቸውን ያዙ።

ሁሉም ነው ያልኩት? እናቴ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አንድ ሰዓት ስታይ ቆየችና ዞር ብላ «የልጅቱ ፎቶዎች የታሉ?» አለች።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ልጅቱ የእህቴ ልጅ ናት። እናቴ ራሷ ያነሣቻት ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን እህቴ በዋትስአፕ የላከችላት ነው። እነዚያ በዲሲአይኤም ውስጥ የሉም። በአዳዲሶቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ አንድሮይድ በሚለው ፎልደር፣ ከዚያም ሚዲያ በሚለው ውስጥ፣ ከመተግበሪያው ስም በታች ተቀብረው ይገኛሉ። የስልኩ ፎቶ ማሳያ ሁሉንም በአንድ ላይ ስለሚያሳይ ባለቤቱ የተለያየ ቤት እንዳላቸው አይጠረጥርም። ዲሲአይኤምን ብቻ ገልብጬ ስልኩን ላስወግደው ኖሮ እናቴ ከሁሉ አብልጣ የምትፈልጋቸው 2,110 ፎቶዎች አብረው ይሄዱ ነበር። እንዳለቀ የቆጠርኩት ሥራ ገና አላለቀም ነበር።

መጠናቸው ሁሉም ተደምሮ 460 ሜጋባይት ብቻ ነው። የመልእክት መተግበሪያዎች ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩ ያሳንሱታል፤ ኤግዚፉንም ይገፍፉታል። ሳይነካ እንዲደርስ የሚፈለግ ፎቶ እንደ ፋይል ወይም እንደ ሰነድ ተያይዞ መላክ አለበት። ይህን ለእህቴ ከሁለት ዓመት በፊት ብነግራት ኖሮ!

ስክሪን ላይ የተነሡ 131 ምስሎችም በሌላ ፎልደር ነበሩ። ጠቅላላው 9,083 ሆነ።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

እህቴ የገዛ አይፎኗን ይዛ መጣች፤ «በዚያው የእኔንም» ብላ። አጭር ሥራ ነበር። አይፎን ሲሰካ «ይህን ኮምፒውተር ታምነዋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ካልታመነ አያሳይም። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ፎቶዎቹን ሄይክ በሚባል ቅርጽ ያስቀምጣል፤ ቦታ ይቆጥባል፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ግን ተጨማሪ ካልተጫነለት አያነበውም። በፎቶ ማስተካከያው መጨረሻ ላይ ዋናዎቹ እንዳሉ ይተላለፉ የሚል ምርጫ አለ፤ እሱን መረጥኩ። መለወጥ ካስፈለገ ኮምፒውተሩ ላይ ይለወጣል፤ በገመድ ላይ እያሉ መለወጥን አልወደውም።

እሑድ፣ ከጧቱ 4 ሰዓት

ዛሬ ቀን የሌላቸውን ፎቶዎች ቀን መስጠት ነው። ከዋትስአፕ የመጡት ኤግዚፍ ባይኖራቸውም ስማቸው ውስጥ ስምንት አኀዝ አለ፦ 20210418 እንደሚለው ዓይነት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ፎቶው የተነሣበት ሳይሆን በስልኩ ላይ የደረሰበት ቀን ነው፤ ለአንድ ሕፃን ልጅ ታሪክ ግን የቀን ሁለት ቀን ልዩነት አይከፋም።

ለዚህ የተጠቀምኩት ኤግዚፍቱል የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ፊል ሃርቪ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው፣ እስከ ዛሬ በነፃ የሚሰጥ ነው። መስኮት የለውም፤ ትእዛዝ ተጽፎለት ነው የሚሠራው። ከስሙ ውስጥ ያለውን ቀን አንብቦ ወደ ኤግዚፍ እንዲጽፍ አዘዝኩት፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጨረሰ። ፎልደሩን ብከፍት 2,110 የነበረው 4,220 ሆኗል።

ለአፍታ እጄ ደርቆ ቀረ። ነገሩ ግን ፕሮግራሙ ከእኔ የበለጠ ጠንቃቃ ሆኖ ነው፤ ካልተከለከለ በቀር የሚነካውን ፋይል ሁሉ ዋናውን «ኦሪጅናል» የሚል ቅጥያ ጨምሮበት ያስቀምጣል። ሃያ ያህሉን ከፍቼ አየሁ፤ ደህና ናቸው፤ ቅጥያ ያላቸውን ለጊዜው ወደ ሌላ ፎልደር አዛወርኳቸው።

ቪዲዮዎቹ ሌላ ጣጣ አመጡ። ፎቶ ሰዓቱን የሚጽፈው በአካባቢው ሰዓት ነው፤ የኤምፒፎር ቪዲዮ ግን ከእኛ ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው የሚጽፈው። ስለዚህ በአንድ ሠርግ ላይ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተነሣው ጭፈራ በዋዜማው ቀን ፎልደር ውስጥ ተገኘ፤ ሙሽሮቹ ሳይጋቡ ጨፈሩ። የሰዓቱን ልዩነት ጨምሬ አስተካከልኩ።

ለፎልደሮቹ ስም ዓመቱን በአኀዝ ከፊት አድርጌ፣ ከኋላው በአማርኛ ጻፍኩ። ኮምፒውተር በፊደል ተራ ስለሚደረድር ዓመት ከፊት ካልሆነ ጥርና ጥቅምት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ደረጃ፣ በ3.0 እትሙ፣ ከገባ ወዲህ በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር ችግር የለውም። ረጅም ስም የሚወድ ሰው ግን አንድ ነገር ይያዝ፦ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የስም ጣሪያ 255 ባይት ነው፤ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ስለሚይዝ ከ85 ፊደል አያልፍም። እናቴ ብትሰይማቸው ኖሮ ይህ ጣሪያ ይጠብባት ነበር።

እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሁሉንም ወደ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ። ፎቶ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። ዲስኩ እህቴ ቤት ይቀመጣል። ስልኩ ለጊዜው ሦስተኛ ሆኖ ይቆያል።

ቁጥሩ እኩል መሆኑ አላረካኝም፤ አርብ ማታ የተማርኩት አለና። ፓወርሼል በተባለው የዊንዶውስ ማዘዣ የእያንዳንዱን ፋይል ሻ 256 አሻራ በሁለቱም ወገን አስወጣሁ። 64 ሆሄና አኀዝ የያዘ መስመር ነው፤ ፋይሉ ውስጥ አንድ ቢት ቢለወጥ መስመሩ ፈጽሞ ይለወጣል። አርባ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ ሁሉም ገጠመ።

እሑድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

የቀረችው ያቺ አልከፈት ያለች ፎቶ ናት። ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍታት ከላይ ቀጭን የግድግዳ ቁራጭ ይታያል፤ ከዚያ በታች ሁሉ ግራጫ ነው። ፋይሏ መሐል ላይ ተቆርጧል፤ ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ቅርጽ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበብ የደረሰው ብቻ ታየ። የተነሣችበትን ቀን ብመለከት የእህቴ ልጅ አንደኛ ዓመት የልደት ቀን ነው።

እናቴ ወንበሯን አስጠጋች። «ያን ዕለት ነው እኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ የሄደችው» አለች።

ኤግዚፍ የሚቀመጠው በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ በውስጡም ካሜራው ለማውጫ እንዲሆን የሚያስቀምጣት የሙሉው ፎቶ ድንክ ቅጂ አለች። በስልኩ ማውጫ ላይ የምትታየው እሷ ነበረች። ፋይሉ ከታች ቢቆረጥም እሷ ከላይ ስለሆነች ተርፋለች። ኤግዚፍቱል እንዲያወጣት አዘዝኩት። ወጣች፤ ስፋቷ 160፣ ቁመቷ 120 ነጥብ፤ ከቴምብር አትበልጥም። ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን።

የመብራት ቆጣሪ ነው።

እናቴ ትንሽ ዝም ብላ «እ፣ አስታወስኩት» አለች። «ቁጥሩን እንዳልረሳ ነው ያነሣሁት። ይነበባል?»

«አይነበብም።»

«እንግዲያው አጥፋው።»

አላጠፋሁትም። 9,083 ብዬ ቆጥሬያለሁ፤ 9,082 ቢሆን ነገ ደግሞ የትኛው እንደጎደለ ልፈልግ ነው።